ውጭ አገር ስትሄዱ ምን ካሜራ ትያዙ? ጣና ዳር ፈትነን ያነጻጸርነው

"ውጭ ልሄድ ነው፣ ምን ካሜራ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በሳምንት አንዴ ሳይደርሰኝ አይቀርም። ሥራዬ ባህር ዳር ውስጥ ሰርግና ምርቃት ማንሳት ስለሆነ ሰው የማውቅ ይመስለዋል፣ እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ኢስታንቡል ሄጄ እስክመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰርግ የማነሳበትን ትልቁን ካሜራ፣ ሁለት ከባድ ሌንስ፣ ስታንድ፣ ላፕቶፕ አንድ ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቄ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ከጋላታ ድልድይ እስከ ሱለይማኒዬ መስጊድ ዳገቱን ተሸክሜው ወጣሁ፣ በሁለተኛው ቀን ማሰሪያው ያረፈበት ትከሻዬ ቀልቶ አደረ፣ በሦስተኛው ቀን ካሜራው ሆቴል አልጋ ስር ዋለ። ከዛ በኋላ ያለውን በሙሉ በስልክ ነው ያነሳሁት። "ስልክ ይበቃል" ልል የመሰላችሁ ግን ቆዩ። በጀልባ ቦስፎረስን ስንሻገር ሰዉ ሲሚት የሚባለውን ሰሊጥ ያለበት ቀለበት ዳቦ እየቆረሰ ይወረውራል፣ ነጫጮቹ የባሕር ወፎች አየር ላይ ይቀልቡታል፣ ያንን በስልክ አነሳሁት፣ ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ሰው ሁሉ ወደደው። አገር ቤት ስመለስ ካፌ የከፈተ ወዳጄ "ግድግዳዬ ላይ አንድ ሜትር አድርገህ አትምልኝ" አለኝ። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው የወፎቹ ክንፍ በእርጥብ ጣት የተፋቀ ጠመኔ ነው የሚመስለው። ካፌው ግድግዳ ላይ አሁን ያለው ጢስ ዓባይ ነው።

እና ትልቁም አልሆነ፣ ትንሹም አልሆነ። እንዲህ ሆነን ስናበቃ ነው ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን በደንብ ያነጻጸርነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ሰው ካሜራ ሲመርጥ ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ነው። እሱን ተዉት፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ለጉዞ ፎቶ ይበቃል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ፎቶው መጨረሻው የት ነው? ስልክ ላይ ታይቶ የሚቀር ከሆነ አንድ ነገር፣ ታትሞ የሚሰቀል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ምርጫ ይጨርስላችኋል፣ ሰው ግን በመጨረሻ ነው የሚያስበው።

ሁለተኛ ክብደት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ላይ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ደግሞ ከስር በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ የግድ ከእናንተ ጋር ነው የሚሄደው፣ ካሜራውንም ከስር የሚያስጭን ጤነኛ ሰው የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከዛች 7 ኪሎ ውስጥ ነው የሚቆረጠው።

ሦስተኛ ጨለማ። የቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የመስጊድ ውስጥ፣ ማታ መንገድ ላይ። አራተኛ፣ ምን ያህል ሰፊ ያነሳል፣ ምን ያህል ሩቅ ያመጣል። አምስተኛው የሰው ዓይን ነው፣ ካሜራውን ስታወጡት ሰዉ ምን ይሆናል? ዘበኛው፣ ሌባው፣ የምታነሱት ሰውዬ ራሱ። የመጨረሻው ቢጠፋ ምን ታጣላችሁ የሚለው ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት ከነገ ወዲያ ውሸት ይሆናል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ ነው የምሄደው።

ፈተናው እዚሁ ነው

ውጭ የሚገጥማችሁ ነገር በሙሉ በትንሹ ጣና ዳር አለ፣ ይሄ የገባኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስልክ፣ የኪስ ካሜራ፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ)፣ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) እና የኔን ከባድ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ትልቅ የሆነ) ይዘን ቀኑን ሙሉ ዞርን።

ጠዋት 12 ሰዓት ዓሣ አጥማጆቹ የሚወጡበት ዳርቻ ላይ ነበርን። ወደ ሐይቁ ዞራችሁ ስትቆሙ ፀሐይ በቀኝ ትወጣለች፣ የደንገል ታንኳዎቹ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፣ ሰማዩ ደግሞ ነጭ ይሆናል፣ ይሄ ለማንኛውም ካሜራ ከባድ ነው። አንድ ሽማግሌ ጣውላ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገፍፋሉ፣ ፔሊካኖቹ ከኋላቸው ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈው አንጀቱ እስኪወረወር ይጠብቃሉ። "ጋሼ፣ ላንሳዎት?" ስላቸው "ዓሣውን ነው እኔን?" አሉኝ። ትልቁን ካሜራ ሳነሳ ቢላዋቸውን አስቀምጠው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ የመታወቂያ ፎቶ ሆነው ቆሙ። ጓደኛዬ በስልክ ሲያነሳቸው ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። የሰው ዓይን ያልኩት ይሄንን ነው፣ ኢስታንቡል ዓሣ ተራም ሆነ ናይሮቢ ገበያ ያው ነው።

ከዛ በጀልባ ወደ ዘጌ፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ መቅደሱን የከበበው ሥዕል ብርሃን የሚያገኘው በበሮቹ በኩል ብቻ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ አይበራም። ይሄ የሱለይማኒዬና የሌላውም አሮጌ ቤተ ጸሎት ፈተና ነው። ስንመለስ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ፈለግን፣ ጉማሬው እዚህ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ናይሮቢ ናሽናል ፓርክ ከተማው ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ሰው እዛ የሚሄደው ቀጭኔውን ከኋላው ካሉት ፎቆች ጋር አንድ ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ነው፣ ጉማሬውን ከጀልባ ማምጣት ያልቻለ ሌንስ ቀጭኔውንም አያመጣም። ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ዓባይንና የከተማውን መብራት አነሳን፣ እሱም የማንኛውም ከተማ የኮረብታ እይታ ነው።

አሁን ወደየአማራጩ።

ስልክ

ሁላችሁም ይዛችሁታል፣ ተጨማሪ ወጪ የለውም፣ ማንም አይጠረጥራችሁም። ዑራ ውስጥ የማታ ሞዱ ብዙ ፍሬም ደራርቦ ግድግዳውን ከጠበቅነው በላይ አወጣው፣ ግን በመሃል አንድ ዲያቆን ሲያልፍ እግር የሌለው ጥላ ሆኖ ቀረ። የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ስልክ ጎበዝ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ጨለማ ውስጥ ሲሆን አይችልም። ጉማሬውን በጣት ጎትተን አሥር እጥፍ ስናመጣው ድንጋይ ይሁን ጉማሬ እኛም አልለየነው፣ ምክንያቱም ስልኩ ካለው እውነተኛ ሌንስ በላይ ስትጎትቱ እየቆረጠ እያሰፋ ነው እንጂ እየቀረበ አይደለም።

ስፋት ላይ ግን ስልክ ዋጋው ርካሽ የሆነን ካሜራ ሁሉ ያሸንፋል። ዱባይ 828 ሜትር የሆነው ቡርጅ ከሊፋ ስር ቆማችሁ ከካሜራ ጋር በሚመጣው ተራ ሌንስ ጫፉን ለማስገባት እንደ እባብ መሬት ላይ መተኛት ነው፣ የስልኩ 0.5 የሚለው ሰፊ ሌንስ ግን ያስገባዋል። የጎኑ መስመር ይጣመማል፣ ይጣመም።

ትልቁ ችግሩ ፎቶው አይደለም፣ ስልኩ ካርታችሁም፣ የሆቴል አድራሻችሁም፣ የበረራ ወረቀታችሁም፣ ትርጉም ቤታችሁም መሆኑ ነው። ፎቶ ስታነሱ ባትሪው ካለቀ መንገድም ጠፋችሁ፣ ከተሰረቀ ደግሞ ሁሉም አብሮ ሄደ። ስለዚህ በስልክ የሚሄድ ሰው ፓወር ባንክ ግዴታው ነው። አየር መንገዶች የሚያዩት ሚሊአምፕ አወር ሳይሆን ዋት አወር ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት አወር ይፈቀዳል፣ 20,000 የሚለው 74 ገደማ ስለሆነ ችግር የለውም፣ ግን ጽሑፉ ያልጠፋበት ይሁን፣ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ኤርፖርት ላይ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ጓንዡ ለዕቃ የምትሄዱ ነጋዴዎች ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፣ በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ከሰኔ 2017 ወዲህ 3ሲ የሚባለው የቻይና የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ ይዞ መግባት ተከልክሏል። ጉግልም ቴሌግራምም እዛ ዝግ ናቸው፣ ፎቶው በራሱ ኢንተርኔት ላይ (ክላውድ በሚባለው) ይቀመጣል ብላችሁ የምትተማመኑ ካላችሁ ፍላሽ ዲስክ ያዙ።

የኪስ ካሜራ

ሌንሱ የማይነቀል፣ ኪስ የሚገባ፣ 300 ግራም አካባቢ የሆነ ነው። ጥሩዎቹ አንድ ኢንች የሚባለው ሴንሰር አላቸው፣ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ ከስልክ ይበልጣል፣ ከትልቆቹ ያንሳል። የጓደኛዬ ከ24 እስከ 200 ሚሊሜትር ዙም ያደርጋል (ቁጥሩ በተለቀ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል)፣ ጉማሬውን ጆሮው ሲነቃነቅ ሳይቀር አመጣው። ሽማግሌውም አልደነገጡበትም፣ መጫወቻ ነው የመሰላቸው።

ግን ሲጎተት ሌንሱ ብርሃን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዑራ ውስጥ ራቅ ያለውን ሥዕል ሲያነሳ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ባትሪውም ትንሽ ናት፣ በፋብሪካው ቁጥር 260 ፎቶ አካባቢ፣ ዘጌ ስንደርስ ሁለተኛውን ከቷል። እና ዋጋው! አዲሱ ከሚረርለስ ጋር እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ነው። አቧራ ውስጡ ከገባ ደግሞ ሌንሱ ስለማይነቀል ጠርጎ መጣል የለም። ገንዘብ ኖሮት መሸከም ለሚጠላ ሰው ነው እላለሁ፣ ለሌላው አይመስለኝም።

ያገለገለ ዲኤስኤልአር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ለሌለው ፎቶ ወዳጅ ከሁሉም የሚያዋጣው ይሄ ነው፣ በደንብ ካልተገዛ ደግሞ የሚያከስረውም ይሄው ነው።

ካምፓኒዎቹ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ስላዞሩ ዲኤስኤልአር ከፋሽን ወጣ፣ ያገለገለው ዋጋው ወረደ፣ ፎቶው ግን አብሮ አልወረደም። ለምሳሌ በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 ሌንሱ ሳይቆጠር 415 ግራም ነው፣ ባትሪው በፋብሪካው ቁጥር 1,550 ፎቶ ይሄዳል። ይሄ ማለት ቻርጀሩን ሆቴል ትታችሁ ሁለት ሦስት ቀን መዞር ነው። አብሮ የሚመጣው 18-55 ሌንስ ለከተማም ለመልክዓ ምድርም ይበቃል፣ በሱ ላይ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የምትባለዋን፣ ቀዳዳዋ ሰፊ ሆኖ ብዙ ብርሃን የምታስገባዋን ትንሽ ሌንስ ጨምሩበት፣ ከርካሾቹ ሌንሶች አንዷ እሷ ናት፣ ለካኖን ካሜራ የምትሆነዋ 160 ግራም ገደማ ነው የምትመዝነው። ዑራ ውስጥ በዋጋው ልክ የበለጠው ይሄ ጥምረት ነው፣ ሥዕሉን ከነስንጥቁ አወጣው። ጉማሬው ላይ ግን 18-55 አልደረሰም፣ ለሱ እስከ 200 ወይም 250 የሚሄድ ሁለተኛ ሌንስ ያስፈልጋል፣ ናይሮቢ የማትሄዱ ከሆነ ይቅርባችሁ።

መጥፎው? ጥሩምባ ነው። መስታወቱ ሲነሳ "ቀጭ" ይላል፣ ፀጥ ባለው መቅደስ ዙሪያ ሁለቴ ስንጫነው አንድ አባ ዞር ብለው አዩን፣ ምንም አላሉም፣ ማየታቸው በቃን።

አሁን አገዛዙ። እኔ ከአንድ ሻጭ ያገለገለ ሌንስ ገዝቼ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ አምፖል ስር ሳየው ጥርት ያለ ነው፣ ቤቴ ወስጄ ሦስት ሳምንት ሠራሁበት፣ አንድ ቀን ጠዋት ጣና ላይ ፊት ለፊት ወደ ፀሐይ ሳነሳ ፎቶው ሁሉ ወተት የተደፋበት ሆነ። የስልክ መብራት አብርቼ በኋላ በኩል ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ፈንገስ። እርጥበት ቦታ ተዘግቶ የኖረ ሌንስ ይሄ አያጣውም። ሻጩ "ስትወስደው አልነበረም" አለኝ፣ ምን ይባላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ሌንሱን ነቅላችሁ የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል እዩ፣ ድር ወይም ጉም ካለ ተዉት። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ፣ ኤፍ 16 አድርጋችሁ ሰማይ አንሱና አስፍታችሁ እዩ፣ ጥቋቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ነው፣ እሱ ይጸዳል፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ቁጥር አለ፣ ሻጩን አስወጡት፣ ሰርግ ቤት የኖረ ካሜራ መቶ ሺህ ማለፉ ብርቅ አይደለም፣ የቤተሰብ የነበረ ግን አምስት አሥር ሺህ ላይ ሊገኝ ይችላል። እኔ ሰርግ የማነሳ ሰው ሆኜ የምመክራችሁ ከኔ ዓይነቱ ሰው ካሜራ እንዳትገዙ ነው።

ሚረርለስ

መስታወት ስለሌለው አነስ ይላል፣ ሳትጫኑት በፊት ፎቶው ምን እንደሚመስል ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል፣ ይሄ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰማዩ ሲነጣ ዓይናችሁ እያየ ትቀንሱታላችሁ። ድምፁንም ማጥፋት ይቻላል፣ ዑራ ውስጥ ማንም ዞር አላለም። ሶኒ ኤ6400 ለምሳሌ 403 ግራም ነው፣ ከትንሿ ሌንስ ጋር ግማሽ ኪሎ አካባቢ።

ባትሪው ግን ከ350 እስከ 400 ፎቶ ነው፣ የጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አለቀ፣ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ያዙ። ሌንሱም ውድ ነው፣ ብዙ ሰው ቦዲውን (ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ) ገዝቶ ገንዘቡ ያልቅና ዓመቱን ሙሉ በአንዷ ሌንስ ይኖራል። ሌላው፣ ሌንሱ ሲነቀል በብዙዎቹ ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። ጓደኛዬ ንፋስ ባለበት ጀልባ ላይ ሌንስ ቀየረ፣ "ኧረ ተው" ብንለው "ሁለት ሰከንድ ነው" አለ፣ ማታ ቤዛዊት ላይ ያነሳው ሰማይ ሁሉ ላይ አንድ ቦታ ያው ጥቁር ነጥብ አለ። እስከ አሁን እያንዳንዷን በኤዲት እያጠፋት ነው።

አንድ ነገር ለሁሉም ካሜራ፦ ዱባይ ወይም ጅቡቲ በበጋቸው ከኤሲ ክፍል በቀጥታ ስትወጡ ሌንሱ ጉም ይለብሳል፣ ባህር ዳር የለመደ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም፣ በጨርቅ አትሹት፣ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይሙቅ።

ፉል ፍሬም፣ የራስም የኪራይም

ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ ጨለማ ውስጥ የሚደርስበት የለም፣ አንድ ሜትር ብታትሙትም ፍንክች አይልም። ያን ቀን ካነሳነው ሁሉ ለካፌ ግድግዳ የሚሆን ፋይል ያወጣው የኔው ነው፣ አልክድም። ግን ቦዲው 650 ግራም፣ መካከለኛው ዙም ሌንስ 700 ገደማ፣ ረጅሙ ሌንስ ኪሎ ተኩል፣ ስታንዱ ሌላ ኪሎ ተኩል፣ ላፕቶፕ ሳይገባ አራት ኪሎ አለፈ። ከዘጌ ወደብ እስከ ዑራ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፣ ረጅሙን ሌንስ ለጀልባ ነጂው ትቼለት ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ጦጣ ልጇን አዝላ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አየችን። ኢስታንቡል የሠራሁትን ስህተት አገሬ ላይ ደገምኩት ማለት ነው።

ስታንድ ስትዘረጉ ደግሞ ብዙ ከተማ ውስጥ ዘበኛ ይመጣል፣ "ፈቃድ አለህ?" ይላል፣ ቱሪስት መሆናችሁን ማስረዳት ነው ሥራችሁ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል፣ በስልክም ቢሆን ያው ነው፣ በትልቅ ካሜራ ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚያዩት እናንተን ነው።

"ከስቱዲዮ ተከራይቼ ልሂድ" የሚሉኝ አሉ። ለአንድ ቀን ሰርግ ያዋጣል፣ ለአሥር ቀን ጉዞ ግን ኪራዩ ተደምሮ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ሊገዛ ይቃረባል፣ ከወደቀ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ሽምግልና ነው። ተውሶማ ጭራሽ አይሆንም።

ድሮን

ባጭሩ ይቅር። ሞሮኮና ግብፅ ያለ ፈቃድ ይዛችሁ ብትገቡ ኤርፖርት ላይ ነው የሚቀማችሁ፣ እኛም አገር ፈቃድ ይፈልጋል። አንድ ጉዞ ውስጥ ሁለት ሦስት አገር ካለ አንዱ አገር መከልከሉ አይቀርም፣ ያኔ ዕቃው ሸክም ነው።

ሁሉም በአንድ ላይ

| አማራጭ | ዋጋ | ክብደት ከሌንስ ጋር | ጨለማ | ሩቅ | የሰው ዓይን | ባትሪ | ትልቅ ህትመት |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ስልክ | አለ | 200 ግራም ገደማ | ካልተንቀሳቀሰ ጥሩ | ደካማ | ማንም አያይም | ከሌላው ሥራ ጋር ይሻማል | አይሆንም |
| የኪስ ካሜራ | ውድ | 300 ግራም | ሳይጎተት ደህና | በጣም ጥሩ | ቀላል | ደካማ | እስከ መካከለኛ |
| ያገለገለ ዲኤስኤልአር | ርካሽ | 600–650 ግራም | በ50ዋ ሌንስ ጥሩ | ሁለተኛ ሌንስ ይፈልጋል | ድምፅ አለው | ከሁሉም ይበልጣል | ይሆናል |
| ሚረርለስ | መካከለኛ እስከ ውድ | 500–600 ግራም | ጥሩ | ሁለተኛ ሌንስ ይፈልጋል | ፀጥ ያለ | ትርፍ ይፈልጋል | ይሆናል |
| ፉል ፍሬም | በጣም ውድ | ከ1.3 ኪሎ በላይ | ከሁሉም ይበልጣል | በከባድ ሌንስ ብቻ | ሁሉም ያያል | ደህና | ከሁሉም ይበልጣል |

ለማን የትኛው

ለዕቃ ወይም ለስብሰባ ዱባይ፣ ጓንዡ ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው ካሜራ እንዳይገዛ። ስልኩ፣ ፓወር ባንክ፣ በቃ። ገንዘቡን ለዕቃው ያውለው። የሶኬት መቀየሪያ ግን አይርሳ፣ ዱባይና ናይሮቢ አራት ማዕዘን የሆነ ሦስት ጥርስ ያለው ነው፣ የኛ አይገባም። ኢስታንቡልና ካይሮ እንደኛው ክብ ሁለት ጥርስ ነው።

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የምትሄድ አክስት ያለቻችሁ፣ እትዬን በካሜራ አታስቸግሯት። ስልኳ ላይ ቦታ አስለቅቁላት፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚነሳበትን አንድ ምልክት ብቻ አስለምዷት፣ ዴር ሡልጣን ጣሪያው ላይ ፀሐይ ስለሚበዛ ስክሪኑን ብሩህ አድርጉላት። ምዕራባዊው ግንብ ጋ ቅዳሜ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑንም ንገሯት፣ ዓርብ ማታ ፀሐይ ስትገባ ነው የሚጀምረው።

ከተማ ለመዞር ኢስታንቡል ወይም ካይሮ አሥር ቀን የሚሄድ፣ ፎቶ የሚወድ፣ ገንዘቡ የተቆጠረ ሰው፦ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከ18-55 እና ከ50ዋ ጋር። ሌላ አልልም። ብርሃን ላይ ሰሜን ያሉ አገሮች ይረዱታል፣ ኢስታንቡል ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ ያውም ቀስ ብላ ተንሸራታ፣ እንደ ጣና "ጭልጥ" ብላ አትጠፋም። እኛ አገር ቤዛዊት ላይ ለአሥር ደቂቃ የምንሯሯጥበትን ወርቃማ ብርሃን እዛ ሻይ እየጠጣችሁ ታነሱታላችሁ። ሰርግ አንሺ የሆንኩት እኔ ራሴ አሁን ለጉዞ የያዝኩት ይሄንኑ ጥምረት ነው፣ ትልቁ ሥራ ቤት ይቀራል።

ገንዘብ ለቀቅ ያለው፣ ቪዲዮም የሚሠራ፣ ከጉዞ በኋላም ካሜራውን የሚጠቀምበት ከሆነ ሚረርለስ። ናይሮቢ ፓርክና ከዛ ሞምባሳ የሚል ደግሞ እስከ 200 የሚደርስ ሌንስ ይጨምር፣ አለበለዚያ ቀጭኔው ክብሪት ነው የሚያክለው። መሸከም አልፈልግም፣ ግን ሩቅ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ብቻ የኪስ ካሜራውን ይይ። ፉል ፍሬም ለፎቶው ብሎ ለሚሄድ ነው፣ መኪና ተከራይቶ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ተነስቶ፣ አንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ሰዓት ለሚቆም። ሚስቱን ወይም ባሏን ይዞ የሚሄድ ሰው ያንን አይሞክር፣ ይጣላሉ።

የመረጣችሁትን ከገዛችሁ በኋላ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡት፣ ጠዋት ዓሣው ጋ፣ ቀን ዘጌ፣ ማታ ቤዛዊት። ማሰሪያው ትከሻችሁን የሚበላ ከሆነ ያን ቀን ታውቁታላችሁ፣ የመመለሻ ጊዜም አላችሁ። ከዛ የሚቀረው ወረቀት ነው፦ ደረሰኙንና ካሜራው ስር ያለውን ሴሪያል ቁጥር በስልክ አንስታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፣ ደብዛዛ እንዳይሆን እንደ ፋይል ላኩት እንጂ እንደ ፎቶ አትላኩት። ካሜራው አዲስና ትልቅ ከሆነ ስትወጡ ጉምሩክ ጋ ጠይቃችሁ አስመዝግቡት፣ ስትመለሱ "ከውጭ ነው የገዛኸው" ቢሏችሁ የምታሳዩት ይኖራችኋል። ሜሞሪ ካርዱንም አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ትንንሽ ያዙ፣ አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ አንዱ ፓስፖርታችሁ ካለበት ኪስ።